የቪትዝን የኋላ ታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ መቀየር ያዋጣል?

#1 ቪትዝ_ነጂ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ በፈረንጅ 2003 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ 1.0 ሞተር፣ አውቶማቲክ፣ ፊት ዲስክ ኋላ ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው የተሸፈነ ከበሮ)። ጋራዥ «ታምቡር ጊዜው አልፎበታል፣ ኋላውንም ዲስክ እናድርገው» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያሉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ፔዳሉ ግማሽ ያህል ወርዶ ነው የሚይዘው፤ ቶሎ ሁለተኛ ሲረገጥ ግን ከፍ ብሎ ይይዛል። የእጅ ፍሬኑ ወደ 11 ቀጭታ ካልተሳበ አይይዝም። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ሽታ አለ። በቅርቡ በአባይ በረሃ በኩል ወደ ባሕር ዳር መሄድ ስላለ ቁርጥ ያለ ምክር ብታገኙልኝ።

#2 ካሊብሮ
አትቀይር። ከጻፍካቸው ምልክቶች ሁለቱ በሽታውን ነግረውናል፦ ሁለተኛ ሲረገጥ ፔዳሉ ከፍ ማለቱና የእጅ ፍሬኑ 11 መድረሱ። ሸራው (ታምቡሩን ፈትጎ የሚይዘው ንጣፍ) ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። በመጀመሪያው እርግጫ ዘይቱ ሸራውን ታምቡሩ ድረስ ሲገፋ ያልቃል፣ በሁለተኛው ነው መያዝ የሚጀምረው። ይህ የማስተካከያው፣ ሸራው ሲያልቅ ወደ ታምቡሩ የሚያቀርበው ክፍል፣ ችግር ነው። ታምቡር መሆኑ አይደለም ጥፋቱ።

ከዚያ ደግሞ ኋላው ምን ያህል ይሠራል የሚለውን አስሉት። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የዚያ ቪትዝ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.37 ሜትር ነው። የክብደቱን ማዕከል ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናስቀምጠውና መኪናዋ በጥሩ አስፋልት በ0.8 ጂ (በመሬት ስበት 0.8 እጅ) ብትቆም፣ 0.8 × 0.55 ÷ 2.37 ወደ 19 በመቶ የሚሆነው ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይሻገራል። ቆማ ሳለች ወደ 60 በመቶው ፊት ላይ ነበር፤ አጥብቆ ፍሬን ሲያዝ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ኋላ የቀረውን 20 በመቶ ለመያዝ በትክክል የተስተካከለ ታምቡር ከበቂ በላይ ነው።

#3 ዲስክ_ይሻላል
ካሊብሮ፣ ስሌቱን አልቃወምም፤ የዲስክን ጥቅም ግን በአንድ መስመር መዝለል ልክ አይመስለኝም። ዲስክ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል። ሲሞቅ ውፍረቱ ወደ ሸራው ያድጋል፤ ታምቡር ሲሞቅ ግን ስፋቱ ይጨምርና ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ይረዝማል። በክረምት ውኃ ከተሻገርክ ዲስኩ ጥቂት ዞሮ ራሱን ያደርቃል፣ ታምቡር ውስጥ የገባ ውኃና ጭቃ ግን ይቀመጣል። የሸራውን ውፍረት በቸርኬው ቀዳዳ ማየት ይቻላል። የዲስኩን ሸራ የሚገፋውን ፒስተን የከበበው ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን በጥቂቱ ስቦ ይመልሰዋል፤ ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑ ራሱ ወደፊት ስለሚመጣ ማስተካከያ የሚባል ነገር የለውም። ጥያቄው በጋራዡ ላይ ያለው እምነት ከሆነ፣ የሚበላሽ ነገር ያነሰበት ይሻላል።

#4 ካሊብሮ
ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ከፋብሪካ ኋላው ዲስክ ሆኖ ለመጣ መኪና። እዚህ የተጠየቀው ግን ታምቡር ሆኖ የተሠራውን መቀየር ነው፤ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለመቀየር የሚያስፈልገውን ልዘርዝር፦ ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) የሚታሰርበት መያዣ ወይም ሙሉ የኋላ አክስል ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል ጋር)፣ ሁለት ዲስክ፣ የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር፣ ርዝመቱ የተለየ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ ሁለት የጎማ ቱቦ። እስከዚህ ያለው ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል። ችግሩ የማይታየው ላይ ነው። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡሩ ትንሽ ፖምፓ፣ ከዊል ሲሊንደሩ፣ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይጠይቃል፤ በድሮው ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ በሚገፋው ዋናው የዘይት ፖምፓ) ፔዳሉ ይረዝማል። የኋላውን ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭም ለታምቡር የተመጠነ ነው። ከዲስክ ጋር ሲሆን ወይ ኋላው በቂ አይሠራም፣ ወይ ቀድሞ ይቆለፋል። በዝናብ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሲቆለፍ መኪና ትዞራለች። ፊት ሲቆለፍ ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች፤ ክፉ ነው ግን ፍሬኑን ለቀቅ ስታደርግ መሪው ይመለስልሃል። ኋላ ሲቆለፍ ያንን ጊዜ አታገኝም።

#5 ደጀን_ቁልቁለት
ሽታው ላይ ማንም አልመለሰም፤ ለጉዞው ዋናው እሱ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳላችሁ። ቪትዟ ከአራት ሰውና ከዕቃ ጋር 1,250 ኪሎ ብትሆን፣ 1,250 × 9.8 × 1,400 ከ17 ሚሊዮን ጁል በላይ ነው። ያው መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነስታ ቀጥ ስትል ፍሬኗ የሚውጠው 480 ሺህ ጁል ገደማ ነው። አንድ የአባይ ቁልቁለት እንዲህ ያለ ማቆም 35 ጊዜ ማለት ነው። ከጎማ መንከባለልና ከነፋስ የተረፈው በግማሽ ሰዓት ሲካፈል ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለማቋረጥ እንደማሞቅ ነው። ያንን ሙቀት በሁለት ትንንሽ የፊት ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፤ ኋላም ዲስክ ቢጨመርበት ልዩነቱ ትንሽ ነው። መውሰድ ያለበት ሞተሩ ነው።

ስለዚህ ከጎሐ ጽዮን ሳትለቅ ማርሹን ወደ 2 አውርድ፣ ኩርባው ሲጠብ ወደ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ)። ፍጥነቱ ከ40 ሲያልፍ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ወደ 25 አውርደህ ልቀቅ። እግርን በስሱ አስቀምጦ ረጅም መንገድ መውረድ ሸራው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። ዜሮ ማርሽ በፍጹም። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጅ ይቆርጣል።

ሁለቱን አደጋ ለዩ፦ ፔዳሉ ደንዳና ሆኖ መኪናዋ አልቆም ካለች ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል። በሁለቱም ጊዜ ማርሽ አውርዶ፣ ፔዳሉን ደጋግሞ መትቶ ዳር መያዝ ነው። ከቆማችሁ በኋላ ዲስኩ ላይ ውኃ አታፍሱ፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ሲበርድ ይጠብና ሸራው ላይ ይነክሳል። ማርሹን ፒ ላይ አድርጋችሁ ጎማው ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ አኑሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

#6 ቪትዝ_ነጂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታምቡሩ ይከፈት ከተባለ፣ ጋራዥ ሲሠራ ምን መታየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በቅደም ተከተል ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

#7 ታምቡር_ቤት
በቅደም ተከተል ይኸው። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በ40 ደቂቃ ጨረስን ካሉ ያልተሠራ ነገር አለ።

የፊት ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረግ፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ። የጎማ ዳዶዎቹን በ21 ቁልፍ መሬት ላይ እንዳለች ላላ አድርጎ በክሪክ ማንሳት፣ ከዚያ በብረት ድጋፍ ላይ ማሳረፍ። በክሪክ ብቻ ማንም ሥር አይግባ።

ታምቡሩ እምቢ ካለ በመዶሻ ጠርዙን አይምታው፣ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳ አለ፤ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በሁለቱም ተራ በተራ ሲጠብቅ ታምቡሩን ገፍቶ ያወጣዋል። አሁንም ካልወጣ ሸራው የታምቡሩን የዛገ ከንፈር ይዞታል። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ሳህን ላይ ያለችውን ጎሚኒ ነቅሎ፣ በአንድ ካቻቢቴ የማስተካከያውን ምላስ ገፍቶ በሌላው ኮከቡን (የማስተካከያውን ባለጥርስ ክብ) ወደ ኋላ ማዞር ነው።

አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ለሳንባ መርዝ ነው። በሳሙና ውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ።

ከመፍታት በፊት ሁለቱንም ጎን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ እንዲያውም አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይፈታ፣ ያልተፈታው ካርታ ይሆናል። የቀኝና የግራ ማስተካከያ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው። ከተለዋወጡ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራውን ከማቅረብ ይልቅ ያርቁታል። «ሠርተነው በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ» ከሚባለው ውስጥ ይህ ብዙ ነው።

አሁን መለካት። ከብረቱ በላይ ያለው ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጊዜው አልቋል፤ 2 ላይ ካገኛችሁት ለረጅም ጉዞ አትተዉት። ታምቡሩን በካሊብሮ (በስፋት መለኪያው) በሦስት ቦታ ለኩ። ትልቁ የተፈቀደ ስፋት እላዩ ላይ ተቀርጿል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበልጣል። ቶርኖ ቤት ቢላጭም ከዚያ ቁጥር ማለፍ የለበትም፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን።

የዊል ሲሊንደሩን የአቧራ ጎሚኒ በጣት ገለጥ አድርጉ። ትንሽ እርጥበት ይታገሡታል የሚል አለ፤ እኔ ዘይት ካየሁ ይቀየር እላለሁ። ዘይት ወይም ግሪስ የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በእሳት ተለብልቦ አይድንም። ውስጡ የገባው ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል፣ ያ ጎን ይጎትታል። አራቱም ሸራ ይቀየር።

የማስተካከያው ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ በጣት እስኪዞር ድረስ ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ይቀባ። ሸራው ሳህኑን የሚነካባቸው ስድስት ቦታዎችም እንዲሁ። የሳሱ ሞላዎች አይመለሱ።

ሲገጠም ኮከቡን እያዞሩ የታምቡሩ ስፋት ከሸራው ውጫዊ ስፋት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪበልጥ። ካሊብሮ ከሌለ ታምቡሩ ሲገባ ሸራውን ሽው ብሎ እስኪነካ አድርጎ ጥቂት ጥርስ መመለስ። የጎማ ዳዶ በመስቀል ቅደም ተከተል 103 ኒውተን ሜትር፤ 50 ሳንቲ ሜትር ክንድ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው።

#8 ጎሚኒ
ታምቡር_ቤት ላይ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ጥያቄ ውስጥ ይህ የተደረገ ይመስለኛል። የእጅ ፍሬን ሲረዝም ብዙ ሰው የሚያደርገው ገመዱን ማጥበቅ ነው። ስህተት ነው። ገመዱ ሲወጠር ውስጥ ያለው ክንድ ከማረፊያው ይነሳል፣ ሸራውም ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ራሱን የሚያስተካክለው አሠራርም መሥራት ያቆማል። ለሁለት ወር ጥሩ ይመስላል። ከዚያ ሸራው ሲበላ የሚያቀርበው የለም፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። ሽታው ራሱ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፣ ሸራው እየተጎተተ ይሄዳላ!

ሁልጊዜ መጀመሪያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ላላ አድርጉ፣ ሸራውን በኮከቡ አስተካክሉ፣ ሞተር አስነስታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳብ መለስ አድርጉ። የመጨረሻው ሥራ ገመዱ ነው። በ20 ኪሎ ያህል ጉልበት ሲሳብ ከ6 እስከ 9 ቀጭታ ጥሩ ነው። ሲለቀቅ ሁለቱም የኋላ ጎማ በእጅ በነፃ መዞር አለበት።

#9 ባለኮሮላ
የፍሬን ዘይቱንስ? አንድ ሱቅ ዶት 5 የሚባለው ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል ብሎኛል፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ።

#10 ካሊብሮ
ተጠንቀቅ! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3ና 4 ጋር አይቀላቀልም፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ላለውም አይሆንም። ዶት 5.1 ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከ3ና ከ4 ጋር አንድ ወገን ነው።

የሚፈላበት ዝቅተኛ መጠን እንዲህ ነው፦ ዶት 3 አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ፣ ውኃ ሲጠጣ 140። ዶት 4 አዲስ 230፣ ውኃ ሲጠጣ 155። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በጎማ ቱቦው ሳይቀር ይገባል። አምስት ዓመት ያልተቀየረ ዶት 3 ይዞ አባይ መውረድ ያስፈራኛል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር፣ አንድ ሊትር ለትንሽ መኪና ይበቃል፣ ቆርቆሮው ያልተከፈተ ይሁን። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ለሚል ዶት 4 መጨመር ይቻላል።

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከገባ ግን ማጠብ አይበቃም። ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ከማስተር ሲሊንደር እስከ ቱቦ ያለው ጎሚኒ በሙሉ ይቀየራል።

ከፍሬን ቧንቧው አየር ሲወጣ አንድ ጥንቃቄ፦ በአሮጌ መኪና ፔዳሉን ወለል ድረስ አትርገጡ። ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑ ደርሶበት የማያውቅ ዝገት የያዘ ቦታ አለ፣ ጎሚኒውን ይቀደዋል። ከፔዳሉ ሥር ወፍራም እንጨት አኑሩ። ከሩቁ ጎማ መጀመር የተለመደ ነው፤ ቧንቧው በሰያፍ ለተከፈለ መኪና ግን የሞዴሉን ቅደም ተከተል ተከተሉ።

#11 ሚኒሶታ_በረዶ
ከዚህ ከአሜሪካ በኩል አንድ ነገር። በረዶ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር የኋላ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በመበላት ሳይሆን በዝገት ነው። ኋላው ቀላል ሥራ ስለሚሠራ ዝገቱን የሚጠርግ ጉልበት አያገኝም፣ የካሊፐሩ ፒንም ይያዛል። ታምቡር ግን ተሸፍኖ ይቆያል። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መኪና የምትገዙ የኋላ ዲስኩን የውስጠኛ ፊት በባትሪ እዩት፤ የውጭው አብርቶ የውስጡ ቅርፊት ሆኖ ይገኛል።

#12 ኤሌክትሪክ_መኪና
«ታምቡር ጊዜው አልፎበታል» ለሚለው መልስ፦ አሁን አዲስ አበባ ላይ የበዛው ፎልክስዋገን አይዲ 4 ኋላው ታምቡር ነው። መኪናው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ ስለሚያቆም ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ይዝጋል፣ ታምቡር ግን የተሸፈነ ስለሆነ እንደዚያ ቶሎ አይዝግም። የእነዚህ ባለቤቶች ግን ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ላለመጀመር ይጠንቀቁ፤ ኃይል የሚመለስበት ቦታ ሲጠፋ ሥራው በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ላይኛው ጫፍ ላይ 100 ባይሞላ ይሻላል።

#13 ደጀን_ቁልቁለት
ሰርቮውን ማንም አላነሳም። ፔዳሉን የሚያግዘው የሞተሩ ቫኪዩምና የውጭው አየር ግፊት ልዩነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ። ስለዚህ ሰርቮው ሊሰጥ ከሚችለው እርዳታ ወደ ሩቡ ከመነሻው የለም። ትንሽ የሚያስተነፍስ ቱቦ ጅቡቲ ላይ ሳይታወቅ ያልፋል፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተር አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ርገጡ፣ ረግጣችሁ እንዳላችሁ አስነሱ። ጥቂት ሰመጥ ካለ ሰርቮው ደህና ነው። ካልሰመጠ ቱቦውንና አየር የሚያግደውን ቫልቭ እዩ።

#14 ዲስክ_ይሻላል
መቀየሩን ትቻለሁ፣ በካሊብሮ የቫልቭ ነገር ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ኋላው ላይ ስንከራከር ፊቱን እንዳንረሳ፤ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች በእጅ መግባትና መውጣት አለባቸው። ሲደርቁ የውስጠኛው ሸራ ብቻ ያልቃል፤ በቸርኬ ቀዳዳ የምታዩት የውጭው ስለሆነ ትታለላላችሁ። ግሪሱ ለጎሚኒ የሚሆን የፍሬን ግሪስ ይሁን፤ ተራ ግሪስ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ካሊፐሩ ሲፈታ በቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር።

ፔዳሉ የሚርገበገብ ከሆነ ወዲያው ዲስክ አይላጭ። መጀመሪያ ዲስኩን አውጥታችሁ ሞዞው ላይ ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፤ በቶዮታ ለዲስኩ መወላገድ የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ አንዲት የዝገት ቅርፊት ትበቃዋለች። ዳዶን በአየር መፍቻ መደብደብም ያው ውጤት አለው። ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ቶርኖ አይነካም።

አዲስ ሸራ ከገባ ከ50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ሃያ ጊዜ ያህል መካከለኛ አያያዝ፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ እያነዱ ማቀዝቀዝ። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ፤ የጋለ አዲስ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዲስኩ ላይ ማኅተም ይተዋል።

#15 ቪትዝ_ነጂ
ተከፍቶ ታይቷል። የቀኙ ማስተካከያ በዝገት ተይዟል። የግራው ዊል ሲሊንደር ጎሚኒው ሥር ዘይት አለ፣ የግራው ሸራም ነክቶታል። የግራው ሸራ 2.5፣ የቀኙ 3 ሚሊ ሜትር፤ ታምቡሩ ከተጻፈው ስፋት በታች ነው። ገመዱ ተወጥሮ ተገኝቷል፣ ጎሚኒ እንዳለው። ጋራዡ የግራውን ሸራና ሲሊንደር ብቻ እንቀይር ይላል። ፊቱ ደህና ነው፣ ፒኖቹ ተቀብተዋል። ዘይቱ ጠቁሯል።

#16 ታምቡር_ቤት
ሸራ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፤ አዲሱና አሮጌው አያያዛቸው ስለሚለያይ በእርጥብ መንገድ ኋላዋ ትሸሻለች። የሚገዛው፦ የኋላ ሸራ አንድ ሙሉ ስብስብ፣ ሁለት ዊል ሲሊንደር (የቀኙም እድሜው ያው ነው)፣ የቀኝ ማስተካከያ ጥርሱ ከተበላ ብቻ፣ ዶት 4 አንድ ሊትር። ሲሊንደር ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የውስጡን ስፋት በካሊብሮ አስተያዩ፤ የሚመሳሰሉ ግን ስፋታቸው የተለያየ አለ።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ ንዱት፣ ከዚያ ኮከቡ እንደገና ይታይ። አባይን ከዚያ በፊት አትውረድ። ስትመለስ ዘይት መያዣው ላይ መስመሩን እይ፤ ቀስ ብሎ ከወረደ የፊት ሸራው መሳሳቱ ነው፣ ቶሎ ከወረደ የኋላ ሳህኖቹን ሥር በእጅህ ዳብስ።